ባለ ሁለት ጓዳው ዕቃና ሽማግሌዎቹ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «መጋዘን ነው የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ከኬኔሶ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጎማ መሸጫና በምንጣፍ መሸጫ መካከል የተዘረጋ ረጅም መጋዘን አለ፤ ከበስተኋላው መስኮት የሌለው ክፍል የእኔ ነው። እዚያ በባትሪ የሚሠራውን ሲጋራ፣ ቬፕ የሚሉትን እፈትሻለሁ። እኔ አልስብም፣ ሲጋራም አፌ ነክቶ አያውቅም፤ የሚስበው ማሽን ነው። እኔ የማየው ዕቃውን ነው፣ ባዶውን ቀፎ።

ድርጅታችን ለአጫሽ አይሸጥም። ባዶ ቀፎ በጅምላ እየገዛ፣ የሚጨሰውን ዘይት ሞልተው በራሳቸው ስም ለሚሸጡ ሌሎች ድርጅቶች ያቀርባል። አሁን ገበያው የሚፈልገው ተጠቅመው የሚጥሉትን፣ ባለ ሁለት ጓዳውን ነው። ጓዳ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጋዘኑ ውስጥ «ዱዋል» ነው የሚሉት። ከአውራ ጣት ትንሽ የሚረዝም ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ በቀጭን ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ ጓዳ አንድ ጣዕም፣ በሌላው ሌላ ጣዕም ይሞላበታል። ባትሪው ግን አንድ ነው፣ አፍ ላይ የሚደረገው ጫፍም አንድ ነው። ጎኑ ላይ ግራውን፣ ቀኙን ወይም ሁለቱን ባንድ ላይ የምትመርጥ ትንሽ ቁልፍ አለች።

ገዢዎቹ የሚጠይቁት ብዙ ነው። ዘይቱ ሳያልቅ ባትሪው ይሞታል ወይ? ቁልፉ ኪስ ውስጥ በራሱ ይበራል ወይ? መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ሲከርም ያንጠባጥባል ወይ? ከሁሉ በላይ ግን የሚጠይቁት ስለ ግድግዳው ነው። ግድግዳው ካልያዘ ሁለት ጓዳ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጓዳ በሁለት ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ በግራው ጓዳ ቀይ ቀለም የገባበት የመሞከሪያ ዘይት፣ በቀኙ ሰማያዊ እሞላለሁ። ከፊሎቹን አቆማለሁ፣ ከፊሎቹን እዘቀዝቃለሁ፣ ከፊሎቹን ደግሞ በበጋ መኪና ውስጥ የተረሱ ያህል በሚያሞቅ ቁም ሣጥን ውስጥ አስተኛቸዋለሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ዕቃው አለፈ። ሐምራዊ ከታየ ወደቀ።

ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚሁ ቅለቱ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን አልፌ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሳይቀር። ግን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር በአንድ ቃል እንደማያልቅ ነው የተማርኩት። ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ግን አዎ ወይም አይ የሚባል ነገር ነበረ። ለእኔ ዕረፍት ነበር።

አሁን የምጽፈው ዕረፍቱ እንዴት እንዳለቀ ነው።

ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እዚህም ጋሼ ብቻ ይሁኑ። እዚህ ሰው አገር፣ ክላርክስተን የመጣሁ ጊዜ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነበር ቤታቸው፤ ትልቅ መኪና ነበር የሚነዱት፣ ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር የሚሄደውን። ከመንገድ ሲመለሱ ጎማቸው ሳይበርድ የማታውን ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ። መሪውን በጣቴ ጫፍ ስይዘው «አይነክስሽም፣ ጨብጪው እንጂ» ይሉኝ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዬን በተፈተንኩበት ቀን ከበሩ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ልገባ ስል፣ «ወደቅሽም አለፍሽም ምሳ አለ» አሉኝ። አለፍኩ፤ ምሳም በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ምሳ የጣፈጠኝ የለም።

የስኳር በሽታቸው ዓይናቸው ላይ የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው። ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ በየጊዜው የሚደረገውን የጤና ምርመራ በዓይናቸው የተነሳ አላለፉም። ያን ጊዜ ነው አንድ ዘመዳቸው ቻይና ካለ ፋብሪካ ጋር ያገናኛቸው። ቤታቸውን አስይዘው ባለ ሁለት ጓዳውን ቀፎ በኮንቴነር አስመጡና ክላርክስተን በተከራዩት የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ደረደሩት። ፋብሪካው ዕቃው አንዴ ከወጣ መልሼ አልቀበልም ብሏል። ተስፋቸው የእኛ ድርጅት ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት የእኛው ሰው ልጅ ነው፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ። ክፉ አይደለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለምጽፍ «ቲቸር» ይለኛል። ለጋሼ በእኔ ፊት ነው የነገራቸው፤ «ጋሽዬ፣ ቴስቱን ፓስ ካደረገ ሁሉንም እወስደዋለሁ። ፓስ ካላደረገ ግን፣ ላይክ፣ ምንም ማድረግ አልችልም። የሚቴስተው እኔ አይደለሁም፣ ቲቸር ናት።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። «ታዲያ አንቺ ካለሽ ምን እሰጋለሁ?»

የሳቁት ታዳላልኛለች ብለው አልነበረም፤ እንዲያ ዓይነት ሰው አይደሉም። ዕቃዬ ደህና ነው፣ የሚያየውም ልጄ ነው ብለው ነው። ለሙከራ የመጣውን ካርቶን አቧራውን በመሐረባቸው እየጠረጉ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከላዩ ባለቤታቸው የላኩልኝ የቆሎ ፌስታል ነበረ።

ዕቃው በብዙ ነገር ጥሩ ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ጽፌዋለሁም። ባትሪው ዘይቱን ጨርሶ ነው የሚያልቀው። ቁልፉ ኪስ ውስጥ አይሳሳትም። ማሽኑ ሲስበው አየሩ ሳይቆራረጥ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ቢፈተግ አይለቅም። የቆሙት ደህና፣ የተዘቀዘቁትም ደህና። እያፏጨሁ ነበር የምሠራው፤ እኔ ደግሞ የማፏጭ ሰው አይደለሁም። በመጨረሻ የሙቀቱን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አንስቼ መብራት ላይ ያዝኩት። ከታች፣ ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ የጠቆረ እንጆሪ የመሰለ ሐምራዊ ነገር ታየኝ። ሁለተኛውንም አነሳሁ። ሁሉም እንዲያ አልነበሩም፤ ግን ደህናው ጥቂት ስለነበር እሱን ነበር መፈለግ የያዝኩት። በአንዳንዶቹ ዘይቱ ወለሉን አልፎ ባትሪው ወዳለበት በኩል እርጥበት አሳይቷል። ግድግዳው የተጣበቀበት ነገር ሙቀት አልቻለም ማለት ነው። ከፋብሪካው ይሁን፣ ማቀዝቀዣ በሌለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በጋውን በመክረሙ ይሁን፣ እኔ ማወቅ አልችልም።

ለድርጅቱ ባለቤት ነገርኩት።

«ሹር ነሽ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ኦ ጋድ፣» አለና ጠጉሩን አሸት አሸት አደረገው። «ኦኬ። ሪፖርቱን ሴንድ አድርጊልኝ። ጋሽዬን እኔ እደውልላቸዋለሁ።»

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ ፓርኪንጉ ላይ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«ወደቀ አሉኝ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ማነው የጣለው?»

«ማንም አልጣለውም። መሐል ላይ ያለው ግድግዳ ሙቀት አልያዘም። ዘይቱ ይቀላቀላል፤ ወደ ባትሪውም ይወርዳል።»

«ግድግዳው።»

«አዎ።»

ከዚያ ቀስ ብለው «እናትሽን ነፍሳቸውን ይማር» አሉና ዘጉት።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ባለፈው ክረምት ነው፣ አገር ቤት። መርዶውን እዚህ ነግረውኝ፣ ለቅሶዬን እዚሁ ቤቴ ተቀምጫለሁ። አሁን ምን አመጣው ብዬ ቁልፌን እንደያዝኩ ቆምኩ። አልገባኝም። የገባኝ እሑድ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጣጥፍ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ፊት ያሉት የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰው። ከኋላቸው ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ሰው የሚያስቀው ሰውዬ። ሦስተኛው ነጭ ጢም ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ አባት፤ በትር ይዘዋል።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

ገቡ። አልተቀመጡም። ምንጣፉ ላይ በሰልፍ ቆሙ። ሦስት ሽማግሌ ላጤ ሴት ቤት ገብቶ ሲቆም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ፊቴ ላይ አይቶት መሰለኝ፣ ቀልደኛው «አትደንግጪ፣ ለጋብቻ አይደለም» አለኝ። «ለሱ ቢሆን ክራባት አስር ነበር።»

«ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሰብሳቢው።

«በደንቡማ ድንጋይ ተሸክመን ነበር መምጣት» አለ ቀልደኛው። «ሦስተኛ ፎቅ ናት ሲሉን ተውነው።»

ሰብሳቢው በክርናቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ወንድማችን በድሎሻል» አሉ። «ራሱ አምኗል። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረሰም። ዓይኑን እየታከመ ነበር። ይሄ ምክንያት አይሆንም፣ ሰው ይልካል፣ ይደውላል። ከዚያ ደግሞ ቀኑ ሲያልፍበት አፈረና ቀረ። ይሄው ነው ጥፋቱ። ብትቀየሚ እውነት አለሽ። ስለዚህ ይቅር በይው ብለን ነው የመጣነው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ጋሼ ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብለው፣ እንደ ልጄ የማያት ሴት ዕቃዬን ለምን ጣለችው ብለው ሲያስቡ የደረሱበት ይህ ነው። ግድግዳውን አልሰሙም። ለቅሶ ቀርቼባታለሁ፣ ተቀይማኛለች፣ እሷ ደግሞ ዝምተኛ ናት፣ አትናገርም፤ በዚህ ተናገረች። የእኛ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማስበው።

«አልተቀየምኳቸውም» አልኩ። «የወደቀው ዕቃው ነው።»

«እንደሱ ይባላል» አሉ ሰብሳቢው፣ በርኅራኄ። «ዕቃው ይቆየን። እኛ ስለ ሆድሽ ነው የመጣነው።»

«በሆዴ ምንም የለም። ስለ ዕቃው ላስረዳችሁ?» ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ሙቀቱን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እና ተቀላቀለ» አለ ቀልደኛው። «ቢቀላቀልስ? ሁለቱንም የሚያጨሰው ያው አንድ ሰው አይደለም እንዴ?»

«ወደ ባትሪውም ይወርዳል።»

«ይፈነዳል?»

«አላውቅም። ይሞቃል። ከዚያ በላይ ያላየሁትን አልናገርም።»

«አዩ» አለ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ «ይፈነዳል አላለችም።»

ሻይ ልጣድ አልኩ፤ አንጠጣም አሉ። ወንበር አቀረብኩ፤ አልነኩትም። አልተቀየምኩም ባልኩ ቁጥር ቂሜ በዓይናቸው ፊት እየከበደ ሄደ። ተቀይሜ ነበር ብል ደግሞ ዕቃውን በቂም ነው የጣልኩት ማለቴ ነው። መውጫ የሌለው ነገር ነበር። ነጭ ጢም ያላቸው አባት በሁለት እጃቸው በትራቸው ላይ ተደግፈው ነበር። ጉልበታቸውን ይታመማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉ ቀድመው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። አሁን ለእኔ ሲሉ ቆመዋል።

እሳቸውን ሳይ «ለቅሶው ላይ ባለመምጣታቸው አዝኜ ነበር» አልኩ። «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ። ለቅሶውን። ዕቃው ሌላ ነው።»

የመጨረሻዋን የሰማት አልነበረም። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተነፈሱ፣ ተቀመጡም። ያልኩትም ስናገረው ውሸት ሆኖ አልተሰማኝም፤ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እል እንደነበር ትዝ አለኝ። ማንን እንደምጠብቅ ራሴን አልጠየቅኩትም ነበር።

ሰብሳቢው ስልክ አወጡ። ጋሼ ለካ ታች መኪና ውስጥ ነበሩ፣ እንደዚያን የፈተና ቀን። ደረጃውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡ። በሩ ላይ ተንበርክከው እግሬን ሊይዙ ሲሉ በብብታቸው ይዤ አነሳኋቸው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ስለ ምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ሰብሳቢው «ከእንግዲህ በመካከላችሁ ነፋስ አይግባ» ብለው መረቁ። ነጭ ጢም ያላቸው አባት አሜን አሉ፤ ያን ቀን የሰማሁባቸው ቃል ያ ብቻ ነው። ሻዩን ጠጡ። ሲወጡ ጋሼ ወደኋላ ቀሩና እጄን ይዘው፣ «እንግዲህ ትደውይልኛለሽ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንደገና አየዋለሁ» አልኩ። «የማየውን ነው የምነግርዎ።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ግን ነገሩ አልቋል፤ ዕቃው አልፏል።

ሰኞ ባለቤቱን ሌላ ካርቶን እንዲያስመጣልኝ ለመንኩት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ሙቀት ያልነካውን። የፈለግኩት ለጋሼ ብቻ አልነበረም። ሰው መቀየሙን ሳያውቅ ሊቀየም ይችላል ወይ የሚል ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐምራዊ በቂም አይመጣም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም የትኛውን ጥሩ፣ የትኛውን መጥፎ ብዬ እንደመደብኩ፣ ጠርዝ ላይ ያሉትን ወደየት እንደገፋኋቸው እንደገና ማየት አስፈለገኝ። በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ እጄ እንዲቀል አድርጌ ሞላሁ። ሙቀቱን ደንቡ በሚፈቅደው የመጨረሻ ዝቅተኛ ልክ ላይ አደረግኩት። ከዚያ በላይ ማዳላት የለም።

ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት ብቻዬን አይደለም። ባለቤቱን ጠርቼ እሱ እንዲያይ አደረግኩ፤ ምንም አልነገርኩትም። አንዱን አንስቶ መብራት ላይ ያዘው።

«ፐርፕል ነው» አለ፤ ሐምራዊ ማለቱ ነው።

ሌላውን አነሳ። «ይሄም።» አስቀመጠው። «ቲቸር፣ አይ አም ሶሪ።»

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ስልኩን እየነካካ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሪፖርቱን እንደዚሁ ጻፊው፣ ምንም አትቀይሪ» አለኝ። ለአፍታ ኮራሁበት። ቀጥሎ፣ «ሌላ ስቴት የማውቀው ባየር፣ ገዢ አለ። ቺፕ፣ ርካሽ ነገር ነው የሚፈልገው። ስለ ግድግዳ አይጠይቅም። ሪፖርቱን ለጋሽዬ አሳያቸዋለሁ፣ በወደቀ ዋጋ እወስድላቸዋለሁ» አለ።

«ወድቋል እኮ።»

«ለእኛ ባየሮች ወድቋል።»

«ሰው ኪስ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ያስቀምጠዋል።»

«ሙቅ ቦታ አታስቀምጡ የሚል ስቲከር እንለጥፋለን።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ እኔ ካልወሰድኩት ማንም አይወስደውም። ሄልፕ እያደረግኳቸው ነው።»

የሚያሳዝነው እውነቱን መሆኑ ነው። ሌላ የሚወስድ አልነበረም። ያ ዋጋ ደግሞ ያስያዙትን ቤት አያድንም፤ ይህንም እሱም እኔም እናውቃለን። የጻፍኩት ሪፖርት አንድ ቀፎ ከሰው እጅ አላስቀረም። ዕቃው እንደሆነ ይሄዳል፤ ወረቀቴ ያደረገው ነገር ቢኖር የጋሼን ዕቃ ዋጋ መቀነስ ነው።

ለጋሼ ቃሌን ጠብቄ ደወልኩ። «ያው ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ታርቀን የለ እንዴ?» አሉ። የጠየቁት እንደ ወቀሳ አልነበረም። በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ሰብሳቢውን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሳገኛቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ። ሽማግሌ ፊት ታርቆ እርቁን ያፈረሰ ሰው የሚሰጠው ሰላምታ ነው። ቀልደኛው አየኝና ወሬውን አቋረጠ። ላስረዳቸው የምችለው ነገር ሁሉ አስቀድሜ ያስረዳኋቸው ነበር።

ጋሼ በወደቀው ዋጋ ተስማሙ፤ ዕቃው ወደ መጋዘናችን የመጣው በተከራዩት ትልቅ መኪና ነው። የነዳው ሌላ ሰው ነው፤ ጋሼ በተሳፋሪው በኩል ነበር የተቀመጡት። ሁልጊዜ በሾፌሩ በር ሲወርዱ ያየኋቸው ሰው በዚህ በር ሲወርዱ እግራቸው መርገጫውን አጣው፤ በሩን ይዘው ቆሙ። ካርቶኖቹ ሲራገፉ ትንሽ አዩና እኔ ወዳለሁበት ክፍል መጡ።

«አሳዪኝ» አሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል አሳዪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹም አላሉም። እኔም ላሳይዎ አላልኳቸውም። ፈጠን ብዬ የጠረጴዛውን መብራት አበራሁ። ከሌላ ፋብሪካ የመጣውን፣ ያለፈውን፣ በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው፤ የእሳቸውን በቀኝ። ደስ ያለኝ ነገር ነበር፤ አሁን ያዩታል፣ አይተው ይገባቸዋል፣ ከገባቸው ደግሞ ቂም እንዳልነበረ ያውቃሉ ብዬ። ከዚያ ውጪ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

ሁለቱን ወደ መብራቱ አስጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አራቁ፣ አቀረቡ።

«የወደቀው የቱ ነው?»

«በቀኝዎ ያለው።»

«ምኑ ላይ?»

«ከታች፣ ጥጉ ላይ። ወደ ሐምራዊ የሄደው።»

ረጅም ጊዜ አዩት። ጣቴን ጥጉ ላይ አደረግኩ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው የጣቴን ጫፍ ተከተሉ፣ ያን ጊዜ ፓርኪንግ ላይ እኔ የእሳቸውን ጣት እከተል እንደነበረው። ቀስ ብለው ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ለእኔ ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው» አሉ። «አንድ ናቸው።»

እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። መሪ ያስጣላቸው ዓይን መሆኑን እያወቅኩ፣ ማስረጃዬ ቀለም ብቻ መሆኑን እያወቅኩ።

«እሺ» አሉ። «አንቺ ካልሽ።»

ያን ቃል የሰጡኝ እንደ ምጽዋት ነው። አላመኑኝም፤ ግን ክፍሌ ውስጥ እንዳላፍር ብለው ነው። አፌ ላይ የመጣልኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ምሳ አለ። አብረን እንብላ።»

«በልቻለሁ» አሉ። ገና ረፋድ ነበር።

መንገዱን ላሳያቸው ስነሳ በእጃቸው ተይ አሉኝ። በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ በኮሪደሩ ወጡ፤ መጋዘኑ መብራት ላይ ሲደርሱ ካርቶኖቻቸው አጠገብ ቆም አሉና አንዱን አቧራውን በመሐረባቸው ጠረጉለት። ማተሚያው ያን ጊዜ «ሙቅ ቦታ አታስቀምጡ» የሚለውን ስቲከር እያወጣ ነበር። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ እኔም መነጽር ሳላደርግ አላነበውም። ለካርቶኖቹ ሁሉ እስኪዳረስ እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ ቀጥ አድርጌ፣ ጠርዙ ሳይላቀቅ።